ምሰሶ ቁጥር ሰባት

«ይቺን ምሰሶ አጥፋልኝ» አለኝ ማንያዘዋል፣
«በንጉሥ ዘመን መብራት ኃይል ከየት ይመጣል?
ሽቦውን፣ ሲኒውን፣ ሰውየውንም ጫፉ ላይ፣
ጥርግ አርገህ አውጣልኝ።» እሺ አልኩ፣ አጉልቼ ሳላይ።

ፒያሳ፣ የጣሊያን ፎቅ፣ ሁለተኛው ደረጃ፣
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማሽን፣ ፀሐይ የማያስገባ መጋረጃ፤
የሙሐባ ስፌት መኪና ከሥር ወለሌን ሲነዝር፣
እኔ ከላይ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ክር በክር።

ላላየው ሰው ልንገረው፦ ሥራዬ ሐረግ መቁጠር ነው።
አናት ላይ ካሜራው ያየው ምስል አለ፣ ያልተነካ፤ አያት እሱ ነው።
አያት ቀለምን ወለደ፣ ቀለም ጭምብልን ወለደ፣
ጭምብል ጉምን ወለደ፣ ጉምም ከሰማይ ተዋሐደ፤
እንዲህ እየወረደ፣ ከአርባ ሦስት ትውልድ በኋላ፣
ግርጌ ላይ ፊልሙ ይወጣል፣ አያቱን የማይመስል፣ ሌላ።

ሽቦውን አስቀደምኩ፤ ከሰማዩ ሰማይ ቆርጬ ጣፍኩበት፤
አንድ ጭላት ግን አስቸገረኝ፣ እግሩን ሽቦው ላይ ጥሎበት።
ሽቦው ሲሄድ ጭላቱ አየር ላይ ቆሞ ቀረ፣
ባዶውን በጥፍሩ ጨብጦ፣ እንደ ጻድቅ ተከበረ።

ሳቅሁ። ከዚያ ሰውየውን፣ ዙሪያውን በነጥብ ላጥረው፣
አራት እጥፍ ሳቀርበው፦
ቢጫ ቆብ። ወፍራም ቀበቶ። ዝቅ ያለ የግራ ትከሻ።
ያን ትከሻ አውቀዋለሁ።
ይርሳው ነው።
አባቴ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ወጣ፣ ወረደ፣ የዚችን ከተማ ምሰሶ፣
ከአዘዞ እስከ ሳምናበር፣ የቁርበት ጓንቱ በስብሶ።
ቁጥር ሰባትን ራሱ ተከላት፣ እኔ የተወለድኩ ዕለት፤
«እኔ ሳምጥ እሱ ግንድ ያቆማል» ትላለች እናቴ፣ ሲነሣባት።
መቼ እንደቀረጹት እንጃ፤ ብቻ ከጡረታው በፊት፣
ማንም ሳይነግረው፣ ፊልም ውስጥ ገብቷል በስሕተት።

ምን ላድርግ? አጠፋሁት።
በመቶ አርባ ስድስት ፍሬም፣ መጀመሪያ ቆቡን፣ ከዚያ እግሩን፣
ከግንቡ ድንጋይ ቀድቼ ሸፈንኩት ጀርባ ጎኑን።
ግን በዚህ ሥራ የሚሞት የለም።
አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ፤ ሳጥኑ ከሰለ፣ አባቴ ተመለሰ፤
ደግሜ ተጫንኩ፤ ግንቡ ብቻ፣ ሰማይ በቦታው ፈሰሰ።
አለ። የለም። አለ። የለም።
እንዲህ ስጫወት አመሸሁ፤ ምሳ መብላቴም ትዝ አይለኝም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ሬንደሩ ሲል ዘጠና አንድ በመቶ፣
መብራት ሄደ። ማሽኑ ዝም አለ፣ አንድ ጊዜ አቃስቶ።
በጨለማ ደወልኩለት፦ «አባ፣ ምን ሆኖ ነው?»
«ቁጥር ሰባት ላይ ይሆናል» አለ ከእንቅልፉ፣ «ሲኒዋ ስንጥቅ ናት፤ ስንቴ ነገርኳቸው።»

ሥራውን ሳስረክብ አንዲት ሳጥን ጥግ ላይ ተውኩ፣
ከምንም ክር ያልታሰረች፤ እሱን እዚያ አስቀመጥኩ።
ስሟን «ይርሳው» ብያታለሁ።
አያቴ ይህን ስም ሲያወጡለት
ምኑን ይርሳው ብለው ይሆን?

ፊልሙ በጥር ታየ። ከጎኔ ነው፣ ካፖርቱን ደርቦ።
ግንቡ ወጣ። ጉሙ ወረደ። በየመስኮቱ ሺህ ሻማ በራ፤
ሰው አጨበጨበ። እሱ ግን አንገቱን አስግጎ ሲያጣራ፣
«እዚያ ጋ» አለኝ በጣቱ፣ «አንድ እንጨት ነበር፤ የኔ።»
«አውቃለሁ» ከማለት በቀር፣ ለሌላው ከዳኝ ወኔ።

ዝም አለ።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፦
«ታዲያ ይሄ ሁሉ መብራት፣ ያለ ሽቦ፣ ከየት መጥቶ?»